ወራጅ የሌለው ዳገት

ጥር 17 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሐረር

ይህን ደብተር የገዛሁት የመስክ ሥራዬን ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ስለ ሽሮ ልጽፍ ነው። ዛሬ ሥራውም ሽሮውም አንድ ላይ ስለነበሩ አይፈረድብኝም።

ከኤረር በር ወጥቶ በሐኪም ጋራ ግርጌ ወዳሉት የአትክልት መንደሮች የሚዘልቀው አዲሱ መንገዳችን መሀሉ ላይ አንድ ጉብታ አለው። ከወዲህም ቢመጡ ከወዲያም ዳገት ነው። ተዳፋቱን ለመለካት ለሁለት ተከፈልን፤ እኔ ከበሩ በኩል፣ ዓሊዪ ከወዲያኛው ጫፍ። ዓሊዪ የጀጎል ልጅ ነው። ቅየሳውን አዲስ አበባ አብረን ተማርን፤ ተረቡን ግን ይዞት ነው የተወለደው። ረመዳን ገና መውጣቱ ስለሆነ ሆዱ ምሳ የሚባል ነገር መኖሩን እንደ አዲስ እያስታወሰ ነው።

«አናቱ ላይ ቀድሞ የደረሰ ከድስቱ አጠገብ ይቀመጣል» አለኝ ጠዋት ስንለያይ።

ድስቱ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ጉብታው አናት ላይ የወይዘሮ ገላነሽ ቤት አለ። ባለቤታቸው ወታደር ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። እሳቸው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ፀሐይ ሲመታው ቆመው ማየት አይችሉም። ቅየሳ ሩጫ አይደለም፤ እኛ ግን ሩጫ አደረግነው። እኔ ከችካል ወደ ችካል እያነበብኩ ወጣሁ፤ መቶ ሜትር ሲሄዱ ስድስት ሜትር የሚያስወጣ፣ ከመቶ ስድስት ዳገት። ዓሊዪም በበኩሉ እያነበበ ወጣ፤ ከመቶ አራት ዳገት። ቀደመኝ። የእሱ ዳገት ለስላሳ ስለሆነ ነው እንጂ እግሩ ከእኔ እግር አይበልጥም።

«መንገዱ በየት ያልፋል ልጄ?» አሉኝ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ሽሮው እየተጨለፈ።

«በደጅዎ።»

«በደጄ ሲባል?»

«ከበርዎ ወጥተው እግርዎን ሲያነሱ መንገድ ላይ ነዎት።»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ከእናቴም አግኝቼ አላውቅም።

ልጃቸው ብዙነሽ ሆስፒታል ነርስ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ነው።

ጥር 20

የጉብታውን ኩርባ ርዝመት አሰላሁ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለአንዲት ነርስ፣ ማስረዳት ቢያስፈልግ እንዲህ እላለሁ።

ሁለት ዳገት አናት ላይ ሲገናኙ መንገዱ እንደ ጎጆ ክዳን ይሾላል። ሾፌሩ ሲወጣ የሚያየው ሰማይ ነው እንጂ ከወዲያ የሚመጣውን አይደለም። ስለዚህ ሹሉ ተላጭቶ በኩርባ ይለሰልሳል። ኩርባው በረዘመ ቁጥር ሰው ሩቅ ያያል፤ ባጠረ ቁጥር አፈር ቆፋሪ ያርፋል። ርዝመቱን ለማግኘት የሁለቱን ተዳፋት ልዩነት መውሰድና ለመንገዱ ፍጥነት በተመደበው ቁጥር ማባዛት ነው። የእኛ ቁጥር ሠላሳ ነው። ዳገት የመደመር ምልክት ይይዛል፣ ቁልቁለት የመቀነስ።

የእኔ ደብተር፦ ሲደመር ስድስት። የዓሊዪ ደብተር፦ ሲደመር አራት። ቁልቁለት ማንም ደብተር ላይ የለም። የስድስትና የአራት ልዩነት ሁለት። ሁለት በሠላሳ፣ ስልሳ ሜትር። ሻዬ ሳይበርድ ጨረስኩት።

ለስልሳ ሜትር ኩርባ ከአናቱ የሚላጨው አፈር ቢበዛ እስከ ጭን ይደርሳል። የወይዘሮ ገላነሽ በር ከመንገዱ አንዲት ደረጃ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሆን ተብሎ የተለካላቸው ይመስላል። ሥዕሉ ላይ ሳየው ጉብታው ትንሽ ሹል መሰለኝ። የእርሳሱ ጥፋት ይሆናል።

የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ፈረሙ። «አጭር ነው?» አሉኝ። «አጭር ነው» አልኩ። «አጭር ነገር እወዳለሁ። መክፈቻው ከፋሲካ በፊት ነው፣ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።» መነጽሩ ወደ ዓይናቸው አልወረደም።

ጥር 27

ሩጫ። ችካል ሲተከል ዋለ። ካቦው ታሟል። ምሳ አናቱ ላይ። ምስር።

ብዙነሽ አልመጣችም። ምስሩ ጨው አንሶት ነበር።

ጥር 30

ወይዘሮ ገላነሽ ሻይ ቤት ሊከፍቱ ነው! ከጊደር መጋላ ገበያ አዲስ ብርጭቆ ገዝተው በጭድ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ታፔላም አጽፈዋል፤ «ገላነሽ ሻይ ቤት፣ ወረድ ብለው ይረፉ» ይላል። ጸሐፊው «ወረድ» ሲል ከመኪና ማለቱ ነው።

«ይህን ሁሉ ያመጣልኝ እንደሻው ነው» ይላሉ ስሜን ጠርተው ለጎረቤቱ ሁሉ። «መንገድ ከደጄ የሚያደርስልኝ ልጅ ጌታ ሰጠኝ።» ከመንዝ የመጡ አያቶቻቸውን ጠርተው፣ እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ በመሆኔ ግማሽ ዘመድ አድርገውኛል። ግማሽ ዘመድነቱ ግን አላስደሰተኝም፤ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልግም።

ብዙነሽ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

«እማዬ የምትወደው አንተን ነው ወይስ መንገዱን?» አለችኝ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«እሱን አንተ አስላው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከአገጯ ይጀምራል። እስከ ቤቴ ድረስ ሳስበው ሄድኩ።

የካቲት 6፣ ቅበላ

ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ወይዘሮ ገላነሽ ቤት የተበላው ለሁለት ወር የሚሆን ነው። ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ አባይነህ ጋር አስተዋወቁኝ። አቶ አባይነህ የቤተሰቡ ዘር ቆጣሪ ናቸው። በዚህ ቤት ወንድና ሴት ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት እሳቸው እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አለመኖሩን ካላረጋገጡ ነገር አይጀመርም። ሳይነገረኝ ለምን እንደተጠራሁ ገባኝ። ላብ አላበኝ፣ ግን ጥሩ ላብ ነው።

አያቶቼን እስከማውቀው ድረስ ጠራሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ በመጨረሻ «አንገናኝም» አሉ። «አንገናኝም» የሚለው ቃል እንዲህ ደስ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ብዙነሽ ወደ ጓዳ ገባች፤ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ከአዲሶቹ ብርጭቆዎች አንዱ ነው።

ከዚያ አቶ አባይነህ ጨዋታ አመጡ።

«አምና ሁለት ልጆች መጡብኝ። ከወንዱ ሽቅብ ቆጥሬ በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ላይ ደረስኩ። ከሴቲቱም ሽቅብ ቆጥሬ በአራተኛው እዚያው ሽማግሌ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ደንቆሮ ‹አራት ከአራት ቢነሳ ባዶ ነው› አይለኝ መሰለህ! ባዶ ከሆነማ ልጁና ልጅቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ራሱን ሊያገባ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

«ዘር ሲቆጠር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በአንዱ ትወጣለህ፣ በሌላው ትወርዳለህ። አራት ወጣህ፣ አራት ወረድህ፣ ስምንት ነው። ወጥቶ እዚያው የሚቀር ማነው?»

የእኔ ሳቅ መሀል ላይ ቆመ። ወይዘሮ ገላነሽ ትን ያለኝ መስሏቸው ጀርባዬን መቱኝ።

የካቲት 7

የጾም መጀመሪያ። ድካም። ምንም አላሰላሁም።

የካቲት 8

ምንም አላሰላሁም። ለምን እንደማሰላም አይገባኝም፤ ሥራው ተፈርሟል።

የካቲት 10

እሺ፣ አሰላሁ።

እኔ ከበሩ ስነሳ ስድስት ወጣሁ። አናቱ ላይ ደርሼ ጉዞዬን ብቀጥል ኖሮ የዓሊዪ አራት ለእኔ ቁልቁለት ነው። እሱ ግን የጻፈው ከወዲያ ሲወጣ ነው፤ እኔም የጻፍኩት ከወዲህ ስወጣ ነው። ሁለታችንም ወደ ሽሮው እየወጣን ነበር። ሲደመር ስድስትና ሲቀነስ አራት፣ ልዩነታቸው ሁለት አይደለም፤ አሥር ነው። አሥር በሠላሳ፣ ሦስት መቶ ሜትር።

ሦስት መቶ!

ለሦስት መቶ ሜትር ኩርባ ከአናቱ የሚቆረጠው አፈር እስከ ጭን አይደለም፤ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ማለት ነው። የወይዘሮ ገላነሽ ቤት ከመንገዱ በላይ ገደል ላይ ይቀራል። እሳቸው ከበራቸው ወጥተው እግራቸውን ቢያነሱ... ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። እኔም ኩርባዬን አሳጠርኩ።

የካቲት 12

በእርጋታ ሳስበው ስልሳ ሜትር ያን ያህል መጥፎ አይደለም።

ሠላሳ የሚለው የመንገድ ሥራ መጽሐፍ የተጻፈው ለሚበሩ መኪኖች ነው። የሐረር አህያ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ደግሞ ሾፌር ሁሉ ጉብታ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ደግሞ ምልክት ይተከላል። ደግሞ እንግዶቹ ከፋሲካ በፊት ይመጣሉ።

ለዓሊዪ አልነገርኩትም። በጣም ሥራ በዝቶበታል።

የካቲት 19

ቡልዶዘሩ አናቱን ላጨው። ትንሽ ሥራ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ። ወይዘሮ ገላነሽ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው እንደ ሰርግ ተመለከቱ። ኦፕሬተሩን ሁለቴ ሻይ አጠጡት።

አዲሱን አናት መጀመሪያ ያለፈው የውኃ ቦቴው ሾፌር ዓብዱላሂ ነው። ወርዶ መጣና ሆዱን ይዞ ቆመ።

«ጌታው፣ ይቺን ጉብታ ምን አድርገናታል? እኔ ወርጃለሁ፣ ሆዴ ግን ወላሂ ገና እዚያው ላይ ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዓሊዪ ግን አልሳቀም፤ ጉብታውን ትክ ብሎ አየው። ወሬ ቀየርኩ።

የካቲት 24

ብዙነሽ ዛሬ አብራኝ ከኤረር በር እስከ ቤቷ በእግር መጣች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አናቱ ጋ ልንደርስ ስንል ቆመች።

«ከወዲያ መኪና ቢመጣ ያየኛል?»

«ይሰማል እኮ፣ ጡሩምባ...»

«ያየኛል ወይ አልኩህ እንጂ።»

«ያያል» አልኩ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማታ እራት አልበላ አለኝ። ጾሙ ይሆናል። ጾሙ ነው። ሽሮ ቀርቦልኝ ሸሸሁት፤ ይህ ነው ወይ የኔ ጾም?

የካቲት 28

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ «ጠጠሩ ይልበስ፣ ይልበስ!» ይላሉ። ጠጠር እየለበሰ ነው። አንዴ ከለበሰ ማንም የታችኛውን አይጠይቅም።

የምጠላው ሰው እየሆንኩ ነው መሰለኝ። ነገ ለዓሊዪ እነግረዋለሁ።

የካቲት 29

ዓሊዪ የዓፎቻ፣ የሰፈሩ እድር፣ ቀብር ነበረበት፤ እንዲህ ባለ ቀን ሥራ አይወራም።

የካቲት 30

ነገ።

መጋቢት 2



ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩን እኔ ነበርኩ የምነዳው፣ ዓሊዪ ከጎኔ። ከበሩ በኩል እየወጣን ነው። ጠጠሩ አዲስ፣ መንገዱ ባዶ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ረገጥኩት። ከፊቴ ሰማይ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ውስጥ ወይዘሮ ገላነሽ ነበሩ።

መንገዱ መሀል። ጎንበስ ብለው። በገመድ የሻይ ቤቱን አግዳሚ ወንበር ቦታ እየለኩ።

ፍሬኑን ረገጥኩ፣ መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ጠጠሩ እንደ ጤፍ ተንሸራተተ። ዓሊዪ «ያ ረቢ!» ሲል ሰማሁ። ላንድሮቨሩ ከመንገዱ ወጥቶ ታፔላውን ገጭቶ ቆመ። «ገላነሽ ሻይ ቤት» ሁለት ቦታ ተሰበረ። እሳቸው ገመዱን እንደያዙ ቆመዋል። የጎማው ዱካ ካለፈበት እስከ እግራቸው ድረስ አንድ ክንድ አይሞላም። ዓሊዪም አይቶታል።

«በስመ አብ!» አሉ። «ምን ሆነሃል ልጄ? አይታይህም እንዴ?»

«አልታዩኝም» አልኩ።

«እኔ? እንዲህ የማክል ሰው?»

እንዲያውም ሳቁ። ደንግጠው ነው የሳቁት፤ ከዚያ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ውኃ አጠጣኋቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን ያጽናኑኛል! «አይዞህ፣ ታፔላ ይጻፋል» ይሉኛል።

መኪናው ጋ ስመለስ ዓሊዪ አናቱ ላይ ቆሞ ወዲህና ወዲያ ያያል።

«የኩርባውን ርዝመት እንደገና አስላው እስኪ አቦ» አለኝ።

«አስልቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በጾም መግቢያ።»

ዓሊዪ ሰው ሲሳሳት ሳምንት ሙሉ የሚተርብ ሰው ነው። ዛሬ ግን የታፔላውን ስብርባሪ ለቅሞ ግድግዳው ላይ አስደገፈና በእግሩ ሄደ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 3

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ቢሮ ገባሁ። ዓሊዪ በሩ ላይ ጠብቆኝ ነበር፤ «የእኔም ደብተር አለበት» ብሎ ተከትሎኝ ገባ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ ስድስቱን፣ አራቱን፣ ምሳውን ጭምር። መነጽራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ላይ ወረደ።

«ይቆየኝ እስቲ» አሉ። «አንተ ወጣህ።»

«አዎን ጌታዬ።»

«ይኸም ወጣ።»

«ወጣሁ ጌታዬ» አለ ዓሊዪ።

«የወረደስ?»

እኔና ዓሊዪ ተያየን።

«ሁለት ሰው ወጥቶ አንድም ወራጅ የለም! ታዲያ እስካሁን አናቱ ላይ ናችሁ ማለት ነው?» ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደሻው፣ ስምህን ማን አወጣልህ?»

«አባቴ።»

«አባትህ እንደሻው ሲሉህ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ማለታቸው ነው እንጂ፣ አንተ እንደሻህ ሁን ማለታቸው አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ከአሁን በኋላ ማንም ከማንም አይቀዳደም። ጉብታው ይቆረጥ። ለአዲስ አበባ እኔ እጽፋለሁ፣ መክፈቻው ከፋሲካ በኋላ ይሁን።» ስንወጣ ጠሩን። «ሴትዮዋስ ተርፈዋል?»

«ተርፈዋል።»

«እንግዲያው ርካሽ ትምህርት ነው።» የፈረሙበትን ወረቀት አውጥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ለራሳቸውም አንድ ነገር ሳይናገሩ አልቀሩም፤ አልተሰማኝም።

መጋቢት 5

ለወይዘሮ ገላነሽ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

«ታዲያ ደጄ የት ሊሆን ነው?»

«ባለበት ነው የሚቆየው እማማ። መንገዱ ነው የሚወርደው።»

«እስከ ምን?»

በእጄ አሳየኋቸው፤ እጄ አልበቃም። ጣራውን ጠቆምኩ።

«እና ደንበኛዬ በምን ይመጣል? በክንፍ?»

«ደረጃ እንቆርጥልዎታለን።»

«ሻዩን በገመድ ላውርደውና ጨርሰው ብርጭቆውን ይወርውሩልኝ!» ቆሙ። «መንገድ ከደጄ ያደርሳል ያልኩት ልጅ፣ ደጄን ከመንገድ ነጠቀኝ! ለጎረቤቱ ሁሉ ምን ልበል? ለወንድሜ ምን ልበል? ስንቴ ነው የመረቅኩህ፣ ቆጥረኸዋል?»

አልቆጠርኩትም። ሁሉንም መልሰው የወሰዱት ያህል ተሰማኝ።

ብዙነሽ ማጀት በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ወደ ውጭ ተከተለችኝ። ሸኘችኝ ማለት ግን አይቻልም።

«ሆስፒታል የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ‹ትናንት ነው የጀመረኝ› ይላል» አለችኝ። «አንተን መቼ ነው የጀመረህ?»

«ከቅበላ ማግስት ወዲህ።»

«ታዲያ መኪና ያየኛል ወይ ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ እዚያ ላይ በየቀኑ ስትቆም ታውቅ ነበር።»

ተመልሳ ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቤቱን እንዳላጣ፣ እሷን እንዳላጣ ብዬ ነው ያን ሁሉ ቀን ዝም ያልኩት። አሁን ቁርጡን አወቅሁት፤ ያጣኋት በዝምታዬ ነው። ኩርባው ምንም አላደረገኝም። እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለመረጃ ያህል እያልኩ ስሸሸው የነበረውን።

መጋቢት 16

ቆረጣ። አቧራ። የሐኪም ጋራ አፈር ቀይ ነው፣ ሸሚዜም እንደዚያው።

ወይዘሮ ገላነሽ በርጩማቸውን አፋፉ ላይ አውጥተው ይመለከታሉ። ለኦፕሬተሩ ሻይ ላኩለት። ለዓሊዪም ላኩለት። ለእኔ ግን ባዶ ብርጭቆ በሳህን ላይ አድርገው ላኩልኝ። ዓሊዪ ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሳቀው ዛሬ ነው፤ በሳቁ ደስ አለኝ።

«ባዶ ብርጭቆ ጥሩ ነው» አለኝ። «ወላሂ፣ የተጣለ ሰው ብርጭቆም አይላክለትም።»

መጋቢት 25

ደረጃውን ራሴ ለካሁት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ዓሊዪም ለካው፤ ከእኔ ጋር ሳይሮጥ። ቁጥራችን ገጠመ።

ብዙነሽ በታች በኩል አለፈች፤ ሰላምታ በራስ ንቅናቄ። ራስ ንቅናቄ ሰላምታ ነው ወይ?

ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

ብቻዬን ፈሰክሁ ማለት ይቻላል። የአከራዬ ዶሮ ጥሩ ነበር። ጉብታው ላይ የምድጃቸውን ጭስ ከሩቅ አየሁ፤ አልሄድኩም።

ሚያዝያ 10

ሽማግሌ ላክሁ። ማንን? አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እና እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ዓሊዪ። «ክርስቲያን ቤት ሽማግሌ ልሆን?» ብሎ ነበር፤ «ስህተቱ ውስጥ አለህበት፣ እርቁ ውስጥም ግባ» አልኩት። ጺሙን ሦስት ቀን አሳድጎ መጣ።

ሲመለሱ ሁለቱም ያለከልካሉ።

«ደረጃህ ዳገት ነው» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ።

«ምን አሉ?»

«ሴትዮዋ ‹እኔ ተቀይሜያለሁ፣ ቂሜም ገና ትኩስ ነው፣ ሲበርድ እጠራችኋለሁ› አሉ። አቶ አባይነህም ነበሩ፤ ‹ዘሩ ንጹህ ነው፣ ሒሳቡ ነው የሚያስፈራኝ› አሉ።»

«ብዙነሽስ?»

ዓሊዪ ጺሙን አሸ። «እናቷ ‹የእሷን ልብ እሷን ጠይቁ› አሉን። እሷ ሥራ ላይ ነበረች አቦ።»

ስለዚህ መልስ የለም። መልስ አለመኖሩ ራሱ መልስ እንዳይሆን ፈራሁ።

ሚያዝያ 18

መንገዱ ተከፈተ። እንግዶቹ መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ። አንዱ እንግዳ «እንዴት ያለ ለስላሳ መንገድ ነው!» አሉ። ዓብዱላሂ ከኋላ ሆኖ ሆዱን በእጁ ቢፈትሽ፣ ሆዱ አብሮት ወርዷል። ወይዘሮ ገላነሽ በአዲሱ ታፔላቸው ስር ተቀምጠው ለአዲስ አበባ ሰዎች ሻይ ሸጡ፤ ደረጃውን የወጡት ሁሉ ደክሟቸው ሁለት ሁለት ጠጡ። እኔን አላዩኝም፤ ማለቴ አይተውኝ ዞር አሉ።

ሁሉም ሲሄድ ላንድሮቨሩን ይዤ ብቻዬን ወደ ኤረር በር ወረድኩና ተመለስኩ። መንገዱን ባዶውን ልየው ብዬ ነው። ዳገቱን ስጀምር አፋፉ ላይ ነጭ ነገር ታየኝ። ብዙነሽ ናት፤ የሆስፒታል ልብሷን አላወለቀችም። ገና ከግርጌው ነው ያየኋት። እሷም አየችኝ፤ መኪናውን ታውቀዋለች።

ያን ሁሉ አፈር የቆፈርነው ሰው ከዚህ ርቀት ተያይቶ የሚበጀውን እንዲያደርግ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አለው። ሰውም ፊቱን አዙሮ ቤቱ ለመግባት፣ በሩንም ለመዝጋት ጊዜ አለው። እኔም ጊዜ እንዲኖራት ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ በጣም ቀስ ብዬ።

አልገባችም።